ባዶ ግቢ ያሳየው ስክሪን

ሚስትየው ለምሳ የሚሆን ሥጋ ልታወጣ የፍሪጁን የላይኛውን በር ስትከፍት፣ በረዶው መሀል በላስቲክ የተጠቀለለ ሰዓት አገኘች። ልጃቸው ተማሪ ሳለች ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሳት፣ ቁጥሮቹ በጥቁር መስመር የሚጻፉት ያ አሮጌ የጠረጴዛ ሰዓት ነበር። አውጥታ ወደ መብራቱ አስጠጋችው። ቁጥሮቹ ገርጥተው ሊጠፉ ምንም አልቀራቸውም። ደቂቃው ሲቀየር አዲሱ ቁጥር ቶሎ አልመጣም፤ አሮጌው አልሄድም ብሎ ቆየ፣ ሁለቱ ተደራረቡ፣ ከዚያ ወዲያ ነው አዲሱ ቀስ እያለ የጠራው። «ይሄ ደግሞ የምን ጉድ ነው?» ብላ ዞር ስትል ባሏ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ ከኋላዋ ቆሟል። ፊቱ ላይ ከአሥራ አንድ ቀን ወዲህ ያላየችበት ደስታ ነበር።

«አየሽው አይደል? ሲዘገይ አየሽ?»

«አየሁ።»

«በይ መልሺው፤ እስክወጣ ይቀዝቅዝ።»

መለሰችው። ሌላ ነገር ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ግን ግድግዳው ስስ ነው፣ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ወንድሟ ተኝቷል። ቤቱ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ኮሪደር ነው። ሳሎኑ ውስጥ፣ ግራ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጭኑ በጄሶ ታስሮ፣ ሁለት ትራስ ላይ ተሰቅሎ፣ ሶፋው ላይ የሚውለውም የሚያድረውም ይኸው ወንድሟ ነው። እግሩን የሰበረው ደግሞ ባሏ ነው። ሁለቱም የሚሠሩት አንድ መሥሪያ ቤት፣ የውሃ ቆጣሪ እየዞረ የሚያነብና የሚጠግን ድርጅት ውስጥ ነው፤ ባልየው ሹፌር፣ ወንድምየው የበር ጥበቃ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ወንድምየው ሥራ አጥቶ ሲንከራተት፣ አለቆቹን ደጅ ጠንቶ ያስቀጠረው ሹፌሩ ራሱ ነበር። የዛሬ አሥራ አንድ ቀን፣ የተኛ ውሃ ሁሉ በብርድ እንደ መስታወት በረጋበት ንጋት፣ ሹፌሩ አዲሱን የመሥሪያ ቤት መኪና አስነሥቶ የኋላ ማርሽ አስገባ። ዳሽቦርዱ ላይ የተዘረጋው ሰፊ ስክሪን፣ ፍጥነቱንም ነዳጁንም በስተኋላ ያለውንም የሚያሳየው፣ ባዶ ግቢ አሳየው። ነዳ። ስክሪኑ ያሳየው ግን ያን ጊዜ የነበረውን ግቢ ሳይሆን ከሁለት ሦስት ሰከንድ በፊት የነበረውን ነው። ጩኸቱ ከምስሉ ቀድሞ ደረሰ። ሹፌሩ ፍሬን ረግጦ፣ ደንዝዞ ስክሪኑ ላይ ሲያፈጥ ነው ጥበቃው በዝግታ፣ እንደ ሕልም፣ ከግራ በኩል ወደ ምስሉ የገባው፤ በዚያች ሰዓት ሰውየው በመኪናውና በበሩ ምሰሶ መሀል ተይዞ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱ ውስጥ የተነገረው ነገር ቢሰበሰብ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ሹፌሩ ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ይላል፤ ጥበቃው «ደህና» ይላል፤ ከዚያ ሁለቱም ድምፁ የጠፋውን ቴሌቪዥን ያያሉ። ሚስትየው ለአንዱ ሳህን ስታቀርብ የሌላውን ፊት አታይም። የሕመም ማስታገሻው አንዷ ፍሬ ለቤቱ የአንድ ቀን ዳቦ የምትገዛ ስለሆነች ጥበቃው በቀን ሦስት ዋጥ የተባለውን ሁለት አድርጎታል፤ ሦስተኛዋን ሰዓት ጥርሱን ነክሶ ያሳልፋታል፤ ይህንንም ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ሹፌሩ ሶፋው አጠገብ ቆሞ «ብርዱ ነው እኮ። ስክሪኑ በብርድ ይዘገያል» ብሎ ነበር። ጥበቃው ጣሪያውን እያየ «እሺ ጋሼ» አለው። እሺታው ከስድብ ይብስ ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ሹፌሩ ሰዓቱን በላስቲክ እንደተጠቀለለ ምሳ ዕቃው ውስጥ አስቀምጦ፣ ዙሪያውን በረዶ ጠቅጥቆ፣ በፎጣ ጠቀለለው። በሳሎኑ ሲያልፍ «ዛሬ ነው ምርመራው» አለ። ጥበቃው ራሱን ከትራሱ ትንሽ ቀና አደረገ። «ይቅናህ ጋሼ» አለ፤ ከልቡ ይሁን ለአፉ ያህል ሹፌሩ አላወቀም። አውቶቡስ ውስጥ ምሳ ዕቃውን እንደ ሕፃን አቅፎ ሄደ። የመስኮቱ መስታወት በውርጭ ተሸፍኖ ስለነበር ተሳፋሪው በጥፍሩ እየፋቀ ነው መውረጃውን የሚያየው። «እንዲህ ባለው ሰዓት ቢያዩት» አለ በሆዱ፤ «አሁን፣ አሁን ቢያዩት።»

እንዲያዩት ጠይቆ ነበር። መኪናው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ደጅ አድሮ፣ በቀዘቀዘበት ይመርመርልኝ ብሎ በእጁ ጽፎ ማመልከቻ አስገብቷል። መልሱ በማመልከቻው ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መጣ፤ «የሥራ ሰዓት ሁለት ተኩል ነው» ይላል። መኪናው ራሱ ደግሞ ከአደጋው ቀን ጀምሮ፣ ማስረጃ ነውና እንዳይነካ ተብሎ፣ ከሕንፃው ሥር ባለው መጋዘን፣ ሕንፃውን ከሚያሞቀው ትልቅ ምድጃ ጎን ታሽጎ ቆሟል። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሲሞቅ ከረመ ማለት ነው። ሌሎቹ ሹፌሮች የስክሪኑን አመል ያውቁታል። ጠዋት ጠዋት ፍጥነት መቁጠሪያው ተኝቶ መኪናው አስፋልቱን ሲያጋምስ ነው ቁጥሩ የሚነቃው፣ እያሉ ሲቀልዱበት የከረሙ ናቸው። እሱን መሪ ላይ ሃያ ሰባት ዓመት ስለቆየ «ጋሽ መሪ» ነው የሚሉት። ፈርሙልኝ ብሎ ወረቀት ይዞ ሲዞር ግን አንዱ መነጽሬን ረሳሁ አለ፤ አንዱ ስልክ አነሳ፤ የሚወደው ሦስተኛው «ጋሽ መሪ ሙት፣ እውነት ነው፤ ግን የቤት ኪራይ አለብኝ» አለው። ያኛው ቢያንስ ዓይኑን አይቶ ነው የተናገረው።

ቴክኒሻኑ ከሌላ ከተማ ስለሚመጣ ምርመራው ለአራት ሰዓት ተኩል ተቀጥሯል። ሹፌሩ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ፣ ቀለሙ የተላጠ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከፊት ለፊቱ ያለው በር በደንብ አልተዘጋም። የንብረት ክፍል ኃላፊው ድምፅ ይሰማል። «ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው እኮ። ዓይኑ ደክሟል እንበልና እንገላገል። ዛሬ ብርድ ነው ያለን ሰውዬ ነገ ጨረቃዋ ገፋችኝ ይለናል።» ሳቅ ተከተለ። ሴቲቱ የአስተዳደር ኃላፊ ሳትስቅ «ስክሪኑ ተበላሽቶ ከሆነ መኪናውን የገዛነው እኛ ነን፤ በዚያ ማን ይጠየቃል?» አለች። ሹፌሩ ተነሥቶ በሩን ሊገፋው ፈለገ፤ ግን መልሶ ተቀመጠ። ምን ብሎ ይገባል? ሰማኋችሁ ይበል? በዚያው ምሳ ዕቃው ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። ወለሉን የምትወለውል የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆማ አየችውና «ጋሼ፣ ምሳዎ እያፈሰሰ ነው» አለችው። ፎጣውን አጠበቀ። ሕንፃው ይሞቃል፤ ኮሪደሩ ይሞቃል፤ በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ጭኑ ላይ አርፏል። ሌላ ቀን ቢሆን ይመርቀው ነበር።

መጋዘኑ ውስጥ አምስት ሰው ሆነው መኪናውን ከበቡት። ቴክኒሻኑ ቀጭን፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ነው፤ ላፕቶፑን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ገመድ ሰካ፣ ቁልፉን አዞረ። ስክሪኑ ከመቅጽበት በራ። ሰማያዊውም ነጩም ጥርት ብሎ፣ ቁጥሮቹ ተሰልፈው፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ፏ አለ። ሹፌሩ መሪው ፊት እንዲቀመጥ ተነገረውና የኋላ ማርሽ አስገባ። የንብረት ኃላፊው ከመኪናው በስተኋላ ሄዶ እጆቹን ግራና ቀኝ እያወናጨፈ መዝለል ጀመረ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውም ዘለለ፤ እጅ በእጅ፣ እግር በእግር፣ አንዲት የዓይን ጥቅሻ እንኳ ሳያሳልፍ። የአስተዳደሯ ጸሐፊ ሳቋን በእጇ ያዘች።

«አየኸኝ?» ሲል ጮኸ ኃላፊው።

«አየሁዎት።»

«ስንት ጣት ነው?»

«ሦስት። አሁን ሁለት አደረጉት።»

«እንግዲህ ዓይኑም ደህና ነው» አለ ኃላፊው ወደ ሌሎቹ ዞሮ። ጸሐፊዋ ጻፈች። ለሹፌሩ ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። ጣቶቹን በትክክል መቁጠሩ ሌላ በር ዘግቶበታል፤ ስክሪኑ ደህና፣ ዓይኑ ደህና፣ የቀረው እሱ ራሱ ነው። ከመሪው ሳይነሳ ትንሽ ቆየ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የተቀመጠበት ቦታ የሰው ወንበር መሰለው።

ሌሎቹ ወደ ላይ ሲወጡ ቴክኒሻኑ ገመዱን እየጠቀለለ ወደ ኋላ ቀረ። አፍንጫውን ጠረገና ዙሪያውን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ እውነትዎን ነው» አለ። «እዚህ መስታወት ውስጥ ፈሳሽ ነገር አለ። ምስሉን የሚለዋውጠው እሱ ነው። ብርድ ሲጠናበት እንደ ረጋ ዘይት ይሆናል፤ ቶሎ ቶሎ መለዋወጥ ያቅተዋል። ሲሞቅ ይፈታል። በብርዱ ወራት ብዙ መኪና ላይ አይቼዋለሁ።» ሹፌሩ ክንዱን ያዘው፤ መያዙንም ያወቀው ቴክኒሻኑ ክንዱን ሲያይ ነው።

«ታዲያ ጻፈዋ ልጄ! አሁን ያልከኝን፣ ይህንኑ ብቻ ጻፈው።»

ቴክኒሻኑ ቅጹን አሳየው። ሁለት ሳጥን ነው ያለው፤ «ይሠራል» እና «አይሠራም»። ፊተኛው ላይ ቀድሞ ምልክት አድርጎበታል። «ያየሁትን ነው የምጽፈው፤ ያየሁት ሲሠራ ነው» አለ። ሹፌሩ ነገ ጠዋት እንዲመጣ፣ መኪናውን ደጅ አሳድረው አብረው እንዲያዩት ለመነው። ራሱ ቤት ሊያሳድረው፣ ራት ሊያበላው ቃል ገባ። ሰውየው በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ መመለስ ነበረበት፤ ነገ ሌላ ከተማ ሰባት መኪና ይጠብቀዋል። «አይፍረዱብኝ ጋሼ፤ እኔም ከላይ አለቃ አለኝ» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሹፌሩ ክፉ በሆነ ብሎ ተመኘ፤ ቢያንስ የሚጣሉት ሰው ይገኝ ነበር።

አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ኮሚቴው ወደተቀመጠበት የስብሰባ ክፍል አስገቡት። ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ፎጣውን ፈታ። በረዶው ውሃ ሆኗል። ሰዓቱን ከላስቲኩ አውጥቶ በኮቱ ጫፍ ጠረገው። ቁጥሮቹ ጥቁር፣ ደማቅ፣ ቀጥ ያሉ ነበሩ። «ጠዋት ብታዩት ኖሮ... አሁን ሞቆ ነው እንጂ...» ሲል ጀመረና አቆመ። ደቂቃው ዓይናቸው እያየ ተቀየረ፤ ቅንጣት አልዘገየም። የአስተዳደር ኃላፊዋ የእጅ ሰዓቷን አየች። «ልክ ነው» አለች፤ ለማፌዝ ሳይሆን ሌላ የምትለው ጠፍቷት ነው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ፣ ከአሥራ አንድ ቀን ጀምሮ የምትሸሸውን ጥያቄ ጠየቀችው። «ለመሆኑ ዞር ብለው አላዩም ነበር?»

«መኪናው የመጣ ዕለት ያሠለጠነን ሰው ከእንግዲህ አንገታችሁን አታድክሙ ብሎን ነበር» አለ ሹፌሩ።

«እሱን አልጠየቅኩዎትም።»

ሰዓቱን ወደ ላስቲኩ መለሰው። ንብረት ኃላፊው በረጅሙ ተነፈሰ። የውሳኔው ደብዳቤ ተዘጋጅቶ ነበር፤ በፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ ሆኖ ወደ እሱ ተገፋ። ሹፌሩ ከሁሉ በፊት ያየው ቀኑን ነው። የትናንት ቀን ነው የተጻፈበት። ትናንት፣ እሱ በረዶ ሲያዘጋጅ፣ ቴክኒሻኑ ገና አውቶቡስ ሳይሳፈር፣ ማኅተሙ ተመትቷል። ደብዳቤው በከባድ ቸልተኝነት ከሹፌርነት መነሣቱን፣ ከነገ ጀምሮ ክፍት በሆነው የበር ጥበቃ መደብ ላይ መመደቡን ይገልጻል። ሁለት ጊዜ አነበበው። «ክፍት የሆነው የማን መደብ ነው?» አለ፤ እያወቀ። ኃላፊዋ የጥበቃው ኮንትራት በወሩ መጨረሻ እንደሚያልቅ፣ ቦታው ስለተሞላ እንደማይታደስ ነገረችው። «እሱ ምን አጠፋ? እግሩን የሰበርኩት እኔ፣ እንጀራውን የምቀማውም እኔ ልሁን?» አለ። ሴትዮዋ ለስለስ ብላ፣ ጡረታው ሦስት ዓመት እንደቀረው፣ ሊያሰናብቱት ሲችሉ ለእሱ አስበው እንዳደረጉት፣ እምቢ ካለ ግን ሁለቱም ባዶ እጃቸውን እንደሚቀሩ አስረዳችው። እስክሪብቶ አቀበለችው። «ደርሶኛል» ብሎ ፈረመ።

የመኪናውን ቁልፍ አስረከበ። በበሩ ሲወጣ የጥበቃ ክፍሏን አያት። በየቀኑ አልፏታል፤ ገብቶባት ግን አያውቅም። ሁለት እርምጃ በሁለት እርምጃ ናት፤ አንድ ወንበር፣ አንድ ምስማር ላይ የተሰቀለ የዝናብ ልብስ፣ በካርቶን የተደፈነ የመስኮት ቀዳዳ። በጊዜያዊነት የተተካው ሰው «ጋሽ መሪ፣ ከነገ ጀምሮ እንግዲህ ወንበሩ የእርስዎ ነው» አለው፤ ወሬው ቀድሞት ወርዷል። ፈገግ ለማለት ሞከረና ተወው። አውቶቡሱን ሳይዝ በእግሩ ሄደ። በየመንገዱ የቆሙትን መኪኖች ስክሪን እያጎነበሰ ያይ ነበር፤ የጠፋ ስክሪን ጥቁር መስታወት ነው፣ የሚያሳየውም የራሱን ፊት ብቻ ነው።

ቤት ሲደርስ ገና አልመሸም። ሚስቱ ማድቤት ቆማ ድንች ትልጣለች። ደብዳቤውን አልሰጣትም፤ በቃሉ ነገራት። ቢላዋዋ ቆመች። ስለ እሱ ከሹፌርነት መነሣት አንድም ነገር አላለችም። «ለወንድሜስ ማን ይነግረዋል?» አለች ብቻ። «እኔ» አላት። ድንቹን መላጥ ቀጠለች፤ ልጣጩ ግን ወፍራም ወፍራም እየሆነ ነበር የሚወድቀው።

ጥበቃው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። ሹፌሩ ኮቱን ሳያወልቅ ከፊቱ ያለች በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። ስክሪኑ እንደሠራ፣ ከነገ ጀምሮ በር ላይ እንደሆነ፣ ኮንትራቱ እንደማይታደስ በተርታ ነገረው። ሲናገር መሬት መሬት ነበር የሚያየው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንዲት ሴት ያለ ድምፅ ትዘፍናለች። «የኔ ቦታ ላይ» አለ ጥበቃው በመጨረሻ። «አንተ።»

«እኔ።»

ከዚያ ሹፌሩ፣ ለኮሚቴው ያልተናገረውን፣ ለሚስቱም ያልነገረውን፣ በአንድ ትንፋሽ አወጣው። «አልዞርኩም። አንገቴን አላዞርኩም። ስፖኪዮውም በውርጭ ተሸፍኖ ነበር፤ ብርዱን ፈርቼ ወርጄ አልጠረግኩትም። ስክሪኑን ብቻ ነው ያየሁት። ስክሪኑ ዘግይቷል፣ እሱ እውነት ነው። ግን አልዞርኩም።»

«አውቃለሁ» አለ ጥበቃው።

«እንዴት ታውቃለህ?»

«ማጅራትህን አየሁት። የኋላ መስታወትህን እየጠረግኩልህ ነበር እኮ። በረዶ ይዞት ነበር፤ እንዲታይህ ብዬ ነው ከመኪናው ኋላ የዞርኩት። በእጅጌዬ እንዲህ ክብ አድርጌ ስፍቀው በሷ በኩል ማጅራትህ ታየኝ። ጭራሽ አልተነቃነቀም። ከዚያ መኪናው መጣብኝ።»

ሹፌሩ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ፣ የአደጋው ሪፖርት ላይ «ባልታወቀ ምክንያት ከመኪናው ኋላ በመገኘቱ» ተብሎ ተጽፎ አንብቧል፤ ምክንያቱን ሰውየውን መጠየቅ ግን አንድ ቀን አልመጣለትም። «ለምን አልተናገርክም?» አለ።

«እነሱ አልጠየቁኝም። አንተም አልጠየቅከኝም። አንተን ደግሞ አሳልፌ ልስጥህ እንዴ? የእህቴ ባል ነህ።» ጥበቃው ይህን ያለው ሳይቆጣ ነው፤ ያ ነው ሹፌሩን ይበልጥ ያሳነሰው። ይቅርታ ማለት ፈለገ። ቃሉ ለጋሪ የሚሆን ጭነት ላይ እንደሚቀመጥ ላባ ሆነበት፤ ሳይለው ቀረ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጥበቃው ሽንት ቤት መሄድ እንዳለበት ተናገረ። ሌላ ቀን ሚስትየው ናት የምትደግፈው፤ ያን ዕለት ከማድቤት አልወጣችም፤ ሰምታ ይሁን ሳትሰማ አይታወቅም። ሹፌሩ ክራንቾቹን አቀበለውና አነሣው። ኮሪደሩ ለሁለት ሰው ጎን ለጎን አይበቃም። ስለዚህ ሹፌሩ ከፊቱ ሆኖ፣ ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ፣ ቢወድቅ ሊይዘው ሁለት እጆቹን ዘርግቶ፣ የኋሊት ይሄድ ጀመር። ጥበቃው አንድ እግሩን ይዘላል፤ ክራንቹ ወለሉን ይመታል፤ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። የሕመሙ ማስታገሻ ሰዓት አልፏል። «ወደ ግራ ትንሽ» ይለዋል፤ ሹፌሩ ወደ ግራ ይላል። «ቀጥ በል።» ቀጥ ይላል።

«ቁም!» አለው። «ከኋላህ ባልዲ አለ።»

ሹፌሩ ቆመ። ጥበቃውን በአንድ እጁ ደረቱ ላይ ደግፎ፣ አንገቱን እስከ ትከሻው አዙሮ አየ። ልብስ የተዘፈዘፈበት ባልዲ ነው፤ እስከ አፉ ሞልቷል። በተረከዙ ቀስ አድርጎ ወደ ግድግዳው ገፋው። ውሃው ተወዛውዞ ጥቂት ፈሰሰ። እንደገና ዞሮ አየ፤ መንገዱ ነጻ ነው።

«አሁን ና» አለው።